ፌስቡክ በጠፋበት ምሽት ፈታሾቹ ያዩት

ሰኞ፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዲሱ መንግሥት የተመሠረተበት ዕለት ነበር። በዚያው ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ39 ገደማ ፌስቡክ፣ ሜሴንጀር፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም በአንድ ጊዜ ጠፉ። መመለስ የጀመሩት እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ስድስት ሰዓት ያህል ማለት ነው።

እኛ አገር እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ግምት ይታወቃል፦ «ዘጉት»። ግምቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘግቶ ያውቃል፤ አለመረጋጋት ሲፈጠርም እንዲሁ። መንግሥት በተመሠረተበት ዕለት ማታ ፌስቡክ አልከፍት ሲል ሌላ ምክንያት መጠርጠር ይከብዳል። ለማጣራት ቀላሉ መንገድ ውጭ ያለ ዘመድን «እዚያስ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ግን ብዙ ቤተሰብ ዱባይ፣ ቤሩት ወይም ዋሽንግተን ካለ ልጁ ጋር የሚገናኘው በዚያው በዋትስአፕና በሜሴንጀር ነው። የመጠየቂያው መንገድ ራሱ አብሮ ጠፍቷል።

«እዚያስ ይሠራል?» የሚለውን ጥያቄ ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ማሽን በየጊዜው የሚያቀርቡ መሣሪያዎች አሉ። ማሽኑ ሌላ ከተማ፣ ሌላ አገር ወይም የሌላ ድርጅት ኔትወርክ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሆኖ አንድን አድራሻ ይጣራል። መልስ መምጣት አለመምጣቱን ይመዘግባል። ካልመጣ ሰው ይቀሰቅሳል። የኔትወርክ ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው፣ ብዙም የማይወራለት ሥራ ነው።

የዚያን ምሽት ጉዳይ የመረጥኩት ከመነሻው እስከ መድረሻው የፍተሻ ታሪክ ስለሆነ ነው። ለመለካት ተብሎ የተሰጠ ትእዛዝ ኔትወርኩን ጣለው። ያንን ትእዛዝ ሊያጣራ የተቀመጠ ፈታሽ አሳለፈው። ሌላ ፈታሽ ያለበትን ሁኔታ በትክክል አይቶ በሩን ሁሉ ዘጋ። ከውጭ ያሉት ፈታሾች ደግሞ ኩባንያው ምክንያቱን ከመናገሩ በፊት የተሰበረው የት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ፈታሾቹ ሁሉ ማሽኖች ናቸው። የሚለያቸው የቆሙበት ቦታና ባዩት ነገር ላይ የተሰጣቸው ሥልጣን ነው።

ኔትወርኩ እንዴት ነበር የተሠራው

ፌስቡክ ግዙፍ ዳታ ሴንተሮች አሉት። መረጃው የሚቀመጠውና ከባዱ ሥራ የሚሠራው እዚያ ነው። እነዚህን የሚያገናኘው ኩባንያው በመላው ዓለም የዘረጋው የፋይበር መረብ ነው፤ ርዝመቱ በአሥር ሺዎች ማይል ይቆጠራል። ባለሙያዎቹ ባክቦን ይሉታል። ከዚህ ሌላ በየቦታው የተበተኑ አነስ ያሉ ጣቢያዎች አሉ። ስልካችን መጀመሪያ የሚደርሰው እነሱ ዘንድ ነው። እነሱ ጥያቄውን ተቀብለው በባክቦኑ በኩል ወደ ዳታ ሴንተር ያሻግሩታል።

በእነዚያ አነስተኛ ጣቢያዎች ውስጥ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ነበሩ። ዲኤንኤስ «ፌስቡክ ዶት ኮም» የሚለውን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት ነው። ስም ካልተፈታ ስልኩ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ሰርቨሮቹ ራሳቸው የት እንዳሉ ለቀረው ኢንተርኔት የሚነገረው ደግሞ በቢጂፒ ነው። በቢጂፒ ኔትወርኮች እርስ በርሳቸው «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ይባባላሉ። አንድ ኔትወርክ ይህን ማሳወቂያ ካነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ዓለም ወደዚያ የሚሄድበትን መንገድ ይረሳዋል። ሰርቨሩ በርቶ፣ ኬብሉ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። ግን የሚያደርስ መንገድ የለም።

እያንዳንዱ የዲኤንኤስ ሰርቨር ታዲያ ራሱን የሚፈትሽበት ሕግ ነበረው። ከዳታ ሴንተሮቹ ጋር መነጋገር ካቃተው «የእኔ ግንኙነት ጤነኛ አይደለም» ብሎ ይደመድምና ማሳወቂያውን ያነሳል። ብልህ ሕግ ነው። የአንድ ከተማ ጣቢያ ኬብል ተቆረጠ እንበል። ሰዎች ወደዚያ እየሄዱ ከሚጉላሉ ሌላ ከተማ ወዳለው ጣቢያ ቢሄዱ ይሻላል። ማሳወቂያው ሲነሳ ይህ በራሱ ይሆናል። ሌሊት ማንንም መቀስቀስ አያስፈልግም።

12 ሰዓት ከ39

የዚያን ቀን የተለመደ የጥገና ሥራ ነበር። በመሀሉ አንድ ትእዛዝ ተሰጠ። የታሰበው የባክቦኑን አቅም ለመገምገም ነበር። ትእዛዙ ግን የባክቦኑን ግንኙነቶች በሙሉ አወረዳቸው። የፌስቡክ ዳታ ሴንተሮች በመላው ዓለም ተቆራረጡ።

እንዲህ ያለ ትእዛዝ ዝም ብሎ አይሄድም። አደገኛ ከሆነ የሚያስቆመው የኦዲት መሣሪያ ተቀምጦለት ነበር። የመሠረተ ልማት ኃላፊው ሳንቶሽ ጃናርድሃን በማግስቱ ባወጡት ማብራሪያ እንዳሉት፣ መሣሪያው ውስጥ በነበረ የፕሮግራም ስህተት ምክንያት ትእዛዙን ሊያስቆመው አልቻለም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሰው አላዘዘም። በየቦታው ያሉት የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ዳታ ሴንተሮቹን ተጣሩ። መልስ የለም። እያንዳንዱ ለብቻው ያንኑ መደምደሚያ ላይ ደረሰ፦ ችግሩ ከእኔ ነው። እያንዳንዱ ማሳወቂያውን አነሳ። የፌስቡክን ስም ሊፈታ የሚችል ሰርቨር ሁሉ ሳይጠፋ፣ ሳይበላሽ፣ በየቦታው በርቶ እያለ ከኢንተርኔት ካርታ ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። እነዚያ ሰርቨሮች የለኩት ነገር ትክክል ነበር። በእርግጥም ከዳታ ሴንተር ጋር ተቆራርጠዋል። ፍተሻው አልዋሸም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ማታ ቤት ውስጥ መብራት ድርግም ሲል ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በመስኮት ወደ ጎረቤት ማየት ነው። ጎረቤት ካለው ችግሩ የእኛ ቆጣሪ ጋ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ቆጣሪ መነካካት ትርፉ ድካም ነው፤ ሻማ ለኩሶ መጠበቅ ይሻላል። የፌስቡክ ሰርቨሮች ግን ወደ ጎረቤት የሚያዩበት መስኮት አልተሠራላቸውም። «እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ሁላችንም?» ብለው ሳይጠይቁ እርምጃ ወሰዱ። ለአንድ ጣቢያ የሚበጀው ሕግ ሁሉም ጣቢያ በአንድ ደቂቃ ሲፈጽመው ጥፋት ይሆናል።

ከውጭ የታየው

ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ 1.1.1.1 በሚል አድራሻ ለሁሉም ክፍት የሆነ የዲኤንኤስ አገልግሎት ይሰጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ51 ላይ መሐንዲሶቹ ለራሳቸው አንድ የብልሽት መዝገብ ከፈቱ። የፌስቡክ ስም ሲጠየቅ ሰርቭፌይል የሚል መልስ ይመጣል የሚል ነበር። መጀመሪያ የጠረጠሩት የራሳቸውን ሰርቨር ነው። ለሕዝብ ሊያሳውቁ ሲሉ ነገሩ ከእነሱ የሰፋ መሆኑን አዩ። በዚህ ሥራ ውስጥ የምወደው ጠባይ ይህ ነው። ጥሩ ፈታሽ ሌላውን ከመክሰሱ በፊት የራሱን ገመድ ያያል።

ሰርቭፌይል የሚለው መልስ ራሱ ብዙ ይናገራል። አንድ ስም ጭራሽ ከሌለ ዲኤንኤስ «እንዲህ ያለ ስም የለም» የሚል ሌላ መልስ ይሰጣል። ሰርቭፌይል የመጣው ስሙን የሚያውቁት ሰርቨሮች ስላልተገኙ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ ወደ እነዚያ ሰርቨሮች የሚወስደው መንገድ የት ገባ? የቢጂፒ መዝገባቸውን ሲያዩ ከ12 ሰዓት ከ40 ላይ ከፌስቡክ ኔትወርክ የወጣ የለውጥ መዓት አገኙ። የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ የሚገኙባቸው አድራሻዎች ከመንገድ ሠንጠረዡ ተነስተዋል። ሌሎች የፌስቡክ አድራሻዎች ግን አሁንም መንገድ ነበራቸው። በአንዱ ላይ ብቻ የሚያተኩር ፈታሽ «ፌስቡክ መንገድ አለው» ብሎ ሪፖርት ሊያደርግ ይችል ነበር። እውነቱን ይናገራል፤ ለተጠቃሚው ግን ምንም አይፈይድም።

በዚያው ሰዓት ሌላም ነገር እየሆነ ነበር። ሰው ገጹ እምቢ ሲለው ደጋግሞ ይነካል። አፖቹ ደግሞ ከሰው ይብሳሉ፤ መልስ ካጡ ያለ እረፍት እንደገና ይጠይቃሉ። በወር ከ3 ቢሊዮን ሰው በላይ የሚጠቀምባቸው አገልግሎቶች ናቸውና ክላውድፍሌር ላይ ስለ ፌስቡክ ስሞች የሚመጣው ጥያቄ ከወትሮው 30 እጥፍ ደረሰ። የአንድ ኩባንያ ችግር ምንም ያላጠፋ የሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ሸክም ሆነ። አውቶማቲክ መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ይህን ቁጥር ቢያስታውሰው ጥሩ ነው። ያልተሳካ ፍተሻ ወዲያው መደገም የለበትም፤ በእያንዳንዱ ሙከራ መሀል ያለው ጊዜ እየረዘመ መሄድ አለበት።

ከውጭ ሆነው ካዩት መሀል አምስተርዳም የሚገኘው፣ የኢንተርኔት አድራሻ የሚያከፋፍለው ራይፕ ኤንሲሲም አለ። ይህ ተቋም በየቦታው የቢጂፒ ለውጦችን የሚመዘግቡ ማሽኖች አሉት። ከእነሱ ጎን ደግሞ ራይፕ አትላስ የሚባል መረብ አለ፤ በዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ ላይ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ አንጀቴን የሚያርሰው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀመረ። ፈቃደኛ ሰዎች ትንሽ ሳጥን ይሰጣቸውና ከቤታቸው ወይም ከቢሯቸው ራውተር ጋር ያገናኙታል። ሳጥኗ ቀን ከሌት ፒንግ ታደርጋለች (አንድን አድራሻ «አለህ?» ብላ ትጣራለች)፣ መንገድ ትከታተላለች፣ የስም ጥያቄ ትጠይቃለች። በዓለም ዙሪያ ከ10 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ መፈተሻዎች ሥራ ላይ ናቸው። ሳጥን ያስቀመጠ ሰው ነጥብ ይሰበሰብለታል። ነጥቡን ከፍሎ ከሌሎች ሰዎች ሳጥን ፍተሻ ማዘዝ ይችላል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ «የእኔ ድረ ገጽ ከናይሮቢ፣ ከፍራንክፈርትና ከሳኦ ፓውሎ ይገኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን በቁጥር ያገኛል።

ይህ ለእኛ ለምን እንደሚጠቅም ወደ «ዘጉት» ግምት ልመለስና ላሳይ። አገር ሲዘጋ የሚታየው ሥዕል ሌላ ነው። አንድ መተግበሪያ ብቻ ከተዘጋ አገር ውስጥ ያለው ማሽን አልተገኘም ሲል ናይሮቢ ያለው ማሽን ተገኝቷል ይላል። ኢንተርኔቱ በሙሉ ከተዘጋ ደግሞ የአገሩ አድራሻዎች ከውጭ ሲጠሩ ዝም ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ ጆርጂያ ቴክ የተባለው ዩኒቨርሲቲ የሚሠራበት አዮዳ የተባለው ፕሮጀክት ይህን ይከታተላል። የቢጂፒ መንገዶችን ያያል፣ በየ10 ደቂቃው አድራሻዎችን ይጣራል፣ ማንም የማይጠቀምባቸው አድራሻዎች ላይ የሚመጣውን ትራፊክም ይለካል። በመስከረም 24 ምሽት ግን ከየትም አገር የተጠየቀ ማሽን መልሱ አንድ ነበር፦ ፌስቡክ የለም፣ ሌላው አለ። ቴሌግራም ይሠራ ነበር፤ እንዲያውም መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በዚያን ቀን ብቻ ከ70 ሚሊዮን በላይ አዲስ ተጠቃሚ እንደተቀበሉ ተናግሯል።

በሌላውም ዓለም ግምቱ ብዙ ነበር። ፍራንሲስ ሃውገን የተባለችው የቀድሞ የኩባንያው ሠራተኛ ዋዜማውን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርባ ከስሳው ስለነበር፣ ጠልፈውታል የሚልም፣ ሆን ብለው ነው የሚልም ተነሳ። ሰው ባለበት ቦታ ሆኖ ከሚያውቀው ተነስቶ ይገምታል። ግምቱን የሚያርመው ሌላ ቦታ የቆመ ምስክር ነው።

ምስክሩም ቢሆን የሚያየውን ካልተረዳ ያሳስታል። በዚያው ምሽት ፌስቡክ ዶት ኮም ለሽያጭ እንደቀረበ የሚያሳይ ገጽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። ስሙን የሸጠው ሰው የለም። የተተዉ ወይም ጊዜያቸው ያለፈባቸው ስሞችን እየዞሩ የሚለቅሙ አውቶማቲክ ሥርዓቶች መልስ የማይሰጥ ስም ሲያገኙ ባለቤት የለውም ብለው ቆጥረውት ነው። «መልስ አላገኘሁም» እና «የለም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መሣሪያው ሁለቱን ካልለየ ሰው ላይ የሚያደርሰው ውዥንብር ቀላል አይደለም።

ውስጥ ያሉት ለምን ዘገዩ

የውጭ ሰዎች በደቂቃዎች ያወቁትን የውስጥ ሰዎች ለመጠገን ስድስት ሰዓት ፈጀባቸው። ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ብልሽትን የሚያዩባቸውና የሚጠግኑባቸው የውስጥ መሣሪያዎች ራሳቸው ዲኤንኤሱን ይፈልጉ ነበር። ዲኤንኤሱ ሲሄድ እነሱም ሄዱ። እንዲህ ላለ ቀን የሚያዝ ከዋናው ውጭ የሆነ ሁለተኛ መግቢያ ኔትወርክ ነበራቸው፤ እሱም አልሠራም። ሕንፃ መግቢያ ባጅ እምቢ ያላቸው ሠራተኞች እንደነበሩም በወቅቱ ተዘግቧል። ኩባንያው ለሕዝብ መልእክት ያስተላለፈው በተፎካካሪው በትዊተር ነው።

የቀረው መንገድ በአካል መሄድ ነበር። መሐንዲሶች ወደ ዳታ ሴንተሮች ተላኩ። ዳታ ሴንተር ግን ሰው እንዳይገባበት ተደርጎ የተሠራ ቦታ ነው። ከተገባ በኋላም ራውተሮቹ አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ በቀላሉ እንዳይቀይራቸው ተደርገው ተዘጋጅተዋል። በሰላሙ ቀን ደህንነት የነበረው ነገር ሁሉ በዚያ ቀን ጊዜ በላ። ጃናርድሃን ይህን ሲያስረዱ ልውውጡ ተገቢ ነው ብለው ነው የጻፉት፤ በየቀኑ ለሚገኝ ደህንነት አልፎ አልፎ በዝግታ መነሳትን መክፈል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው ሁለተኛው መግቢያ ዋናው ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ከሆነ ሁለተኛ ተብሎ መቆጠሩ ላይ ነው።

ባክቦኑ ከተመለሰ በኋላም ሁሉንም በአንዴ መክፈት አልተቻለም። የዳታ ሴንተሮቹ የኤሌክትሪክ ፍጆታ በአሥሮች በሚቆጠር ሜጋዋት ወርዶ ነበር። ያ ጭነት በአንድ ጊዜ ቢመለስ ከኤሌክትሪኩ ጀምሮ ብዙ ነገር አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ዳታ ሴንተር ሆን ብለው እያጠፉ የመመለስ ልምምድ ያደርጉ ስለነበር በጥንቃቄ እየለቀቁ አነሱት። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ የቢጂፒ መልእክቶች እንደገና መታየት ጀመሩ። 6 ከ20 ላይ የፌስቡክ ስም በክላውድፍሌር በኩል መልስ መስጠት ጀመረ።

ሁሉም ታሟል ሲባል

ከዚህ ጉዳይ ለሥራ የሚወሰደው ትልቁ ነገር ፈታሽ ከውጤቱ ተነስቶ ምን እንዲያደርግ ይፈቀድለት የሚለው ነው። በሌሎች ሥርዓቶች ውስጥ ለዚህ የታሰበበት መልስ አለ። ኢንቮይ የተባለው ትራፊክ አከፋፋይ ሶፍትዌር ከኋላው ያሉት ሰርቨሮች ጤንነት ይፈትሻል፣ የታመሙትንም ከወረፋ ያወጣል። ጤነኞቹ ግን ከ50 በመቶ በታች ከወረዱ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ በቀር፣ የፍተሻውን ውጤት መስማት ትቶ ለሁሉም ያከፋፍላል። የአማዞን ሩት 53 ዲኤንኤስ ደግሞ የሚፈትሻቸው ሁሉ ታመዋል የሚል ውጤት ሲመጣ ሁሉንም እንደ ጤነኛ ቆጥሮ መልስ መስጠቱን ይቀጥላል። ሐሳቡ አንድ ነው። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ሊታመም የሚችልበት ዕድል ትንሽ ነው፤ መለኪያው ወይም የጋራ መንገዱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ማውጣት ይቁም፣ ሰው ይጠራ።

እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ፌስቡክ ይሠራ ነበር ወይ? አይሠራም። ባክቦኑ ወድቋልና ስሙ ቢፈታም ጥያቄው ዳታ ሴንተር አይደርስም። ግን ስሞቹ መልስ ይሰጡ ነበር። ያ የ30 እጥፍ ጎርፍ በዚያ መጠን ባልመጣ፣ ስሙ ለሽያጭ ቀረበ የሚባል ወሬ ባልተነሳ፣ ቢያንስ «ብልሽት አለ፣ እየሠራን ነው» የሚል ገጽ ከጣቢያዎቹ ሊቀርብ በቻለ ነበር። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቤሩት ያለች እህቱን ያጣ ሰው «ብልሽት ነው» የሚል ቃል ቢያነብ ሌሊቱን በሌላ መንፈስ ያሳልፋል።

ወደ አንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት ስናወርደው

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፎቹ ባሕር ዳርና ሐዋሳ የሆኑ ድርጅት አስቡ። ብዙ ጊዜ የሚታየው አሠራር ይህ ነው፦ መፈተሻው ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከሚፈትሻቸው ሰርቨሮች ጋር በአንድ ዩፒኤስ፣ በአንድ ስዊች፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር። ማስጠንቀቂያ የሚልከው በኢሜይል ነው፤ የኢሜይል ሰርቨሩም እዚያው ክፍል ነው። መስመሩ ሲወድቅ ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ወረፋ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ ከተፈታ በኋላ ይደርሳል።

የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። አንድ ትንሽ የክላውድ ማሽን ከአገር ውጭ፣ አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ቅርንጫፍ ላይ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሥራ ስለጀመረ የቅርንጫፉን ፈታሽ ዋናው መስመር ባልሆነው ኦፕሬተር ሲም ላይ ማድረግ ይቻላል። ማስጠንቀቂያው በኤስኤምኤስ ቢሄድ ኢንተርኔቱ ቢጠፋም ይደርሳል። ፈታሹም ራውተሩም ባትሪ ይኑራቸው፤ መብራት መጥፋቱን እንደ ኔትወርክ ብልሽት የሚቆጥር መዝገብ ለወሩ ሪፖርት አይሆንም።

ፒንግ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ፋየርዎል (የኔትወርክ በር ጠባቂ) ፒንግን ስለሚጥል አገልግሎቱ እየሠራ «ሞቷል» ይባላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ማሽኑ ፒንግ ይመልሳል፣ በላዩ ያለው ፕሮግራም ቆሟል። ከሩቅ ያለው ማሽን በቅደም ተከተል ቢጠይቅ ይሻላል። ስሙ ይፈታል? ፖርቱ፣ ማለትም አገልግሎቱ የሚገኝበት ቁጥር ያለው በር፣ ይከፈታል? የገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት ጊዜው አላለፈም? ገጹ ላይ መኖር ያለበት ቃል አለ? የመጀመሪያው «አይ» የተባለበት ቦታ ብልሽቱ ያለበትን ደረጃ ያሳያል። በመስከረም 24 ምሽት መልሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነበር የቆመው። አንድ ማሽን አንድ ጊዜ ስላላገኘው ብቻ ደግሞ ሰው አይቀስቀስ፤ ከሦስቱ ሁለቱ በተከታታይ ሲያጡት ይደወል። የሁሉም ሰዓት በኤንቲፒ፣ የኮምፒዩተሮችን ሰዓት በኔትወርክ በሚያመሳስለው ዘዴ፣ ይስተካከል። አለበለዚያ የማን ብልሽት እንደቀደመ ማወቅ አይቻልም።

ብዙ ማሽን ያለው ሰው ይህን በእጁ አይሠራውም፤ እንደ አንሲብል ያለ መሣሪያ ይጠቀማል። አንሲብል ከአንድ ቦታ ሆኖ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ማሽን በተመሰጠረ መንገድ መግቢያ) ወደየማሽኑ ገብቶ ሥራ ያሠራል። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። የአንሲብል ፒንግ ሞጁል (ሞጁል አንድ ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው) የምናውቀውን የኔትወርክ ፒንግ አያደርግም። የሚያረጋግጠው ማሽኑ ውስጥ መግባት መቻሉንና እዚያ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ መኖሩን ነው። «ፖንግ» የሚል አረንጓዴ መልስ ሲመጣ የባሕር ዳሩ ማሽን ከዋናው ዳታቤዝ ጋር መገናኘቱ አልታወቀም። የታወቀው እኛ ከባሕር ዳሩ ማሽን ጋር መገናኘታችን ብቻ ነው። ዳታቤዙን ለመፈተሽ እዚያ ማሽን ላይ ሆኖ ፖርቱን የሚሞክር ሥራ መስጠት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ዌይት ፎር የተባለው ሞጁል አለ፣ ፖርትና የጊዜ ገደብ ይሰጠዋል።

ውጤቱ ሲመጣም ሁለት ዓይነት ቀይ አለ። አንዱ ፌይልድ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ገብተናል፣ ከዚያ ሆኖ የተፈለገውን አላገኘም። ሌላው አንሪቸብል ነው፤ ማሽኑ ዘንድ ራሱ አልደረስንም። ሁለተኛው ስለ ዳታቤዙ የሚነግረን ነገር የለም። ምናልባት ባሕር ዳር ላይ ሁሉም ሰላም ነው፣ የተቆረጠው የእኛ መስመር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ደምሮ «አልሠራም» ብሎ የሚመዘግብ ስክሪፕት ያንን የስም ለቃሚዎቹን ስህተት ይደግማል፤ መልስ ያላገኘበትን ሁሉ የለም ይላል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሦስት ዓምድ ይኑር፦ ተገኘ፣ አልተገኘም፣ መጠየቅ አልተቻለም። ሦስተኛው ዓምድ ከሞላ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፈታሹ የተቀመጠበት ክፍል ነው።